ከጅማ ሳይርቁ ጉማሬና ጉሬዛ ለማየት፦ ደረጃ በደረጃ

ጅማ የሚኖር ሰው የዱር እንስሳ ሲባል ሐሳቡ ወደ ባሌ ወይ ወደ ነጭ ሳር ይሄዳል። ከቤቱ በባጃጅ በሚደረስበት በቦዬ ረግረግ ጉማሬ እንዳለ ሰምቷል። ያየው ግን ጥቂቱ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ሰው የሚሄደው ረፋድ ላይ፣ በጓደኛ ብዛት፣ ሙዚቃ ከፍቶ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ "ኧረ ምንም የለም!" ብሎ ይመለሳል።

ከተማችን ዙሪያ በር ላይ ቲኬት ተቆርጦ የሚገባበት ፓርክ የለም። እንስሳቱ የሚኖሩት ከሰው ጋር ነው። ጉማሬው ከብት ከሚሰማራበት ጨፌ አጠገብ ነው። ጉሬዛው የገበሬው ቡና ጥላ ላይ ነው። ስለዚህ እዚህ አገር እንስሳ ማየት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ሰው መፈለግ አለበት። እረኛ፣ ቡና ጠባቂ፣ ቀፎ የሚሰቅል ሰው። ከታች ያለው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

1. አንድ ቦታ ብቻ ምረጡ

ለጀማሪ ሁለት ቦታ ይበቃል። አንደኛው ቦዬ ነው። በአዲስ አበባው መንገድ በኩል፣ ከመሃል ከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ የሚገኝ ኩሬና ረግረግ ነው። ጠዋት ሄዶ ለቁርስ መመለስ ይቻላል። ሁለተኛው የበለጠ ጌራ ደን ነው። በበለጠ በኩል ያለው ክፍል ወደ ቦንጋ በሚወስደው አስፋልት፣ ሰቃ ጨቆርሳን አልፎ ወደ ሸቤ ሳይደርስ፣ መንገዱን ግራና ቀኝ ይዞት ይገኛል። ከጅማ 40 ኪሎ ሜትር አለፍ ይላል። የጌራው ክፍል በአጋሮ በኩል ይገባል። እሱ ግን ሩቅ ስለሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ አልመክረውም።

ሁለቱን በአንድ ቀን ልጨርስ ማለት ትርፉ ድካም ነው። ሁለቱም የሚፈልጓችሁ ንጋት ላይ ነው፤ ንጋት ደግሞ በቀን አንዴ ነው።

2. ወሩንና ሰዓቱን እወቁ

ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ዝናቧም ረጅም ነው። ከመጋቢት ጀምሮ ይነካካል፣ ሰኔ ላይ ይበረታል፣ መስከረም አልፎም አይቆርጥም። ለእግር ጉዞ የሚመቸው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው። በእነዚህ ወራት ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የመጡ ወፎችም እዚሁ ናቸው። ከብት መሃል ጭራቸውን ወደ ላይና ወደ ታች እያወዛወዙ የሚሯሯጡትን ትንንሽ ባለ ቢጫ ሆድ ወፎች ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? እንግዶች ናቸው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ወደ መጡበት ይመለሳሉ።

ጫካውን በአበባው ማየት የፈለገ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ዝናቦች ይጠብቅ። የካቲት ወይ መጋቢት ላይ አንድ ሁለት ጊዜ ደህና አድርጎ ከጣለ በሳምንት ዕድሜ ውስጥ ቡናው ነጭ ይለብሳል። ሽታው ብቻ ጉዞውን ይክሳል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የቡና ለቀማ ነው። ጫካው በሰው ይሞላል፣ እንስሳው ይርቃል፣ ባለ ቡናውም እንግዳ ሲያይ ቢጠረጥር አይፈረድበትም።

ሰዓት ላይ ድርድር የለም። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቦታው ላይ መሆን አለባችሁ። 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ዕድላችሁ እየቀነሰ ይሄዳል። ጠዋት ካልቻላችሁ ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ ያለው ጊዜ ሁለተኛ ምርጫ ነው። ቦዬ ላይ ግን ሳይመሽ ውጡ። ለምን እንደሆነ ወደ ታች ስትደርሱ ታገኙታላችሁ።

3. የምትይዙት

ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። የሩቅ ማያ መነጽር፣ ማለትም ባይናኩላር፣ ከተገኘ አሪፍ ነው፤ ለጫካም ለኩሬም የሚሆነው 8 በ 42 የሚባለው ነው። ከሌለ ተዋሱ። ስልካችሁ ላይ መርሊን የሚባለውን ነፃ የወፍ መለያ መተግበሪያ ጫኑ። የአካባቢያችንን የወፍ ጥቅል ግን ከቤት ሳትወጡ በዋይፋይ አውርዱት፤ ጫካ ውስጥ ኔትወርክ አትመኑ።

ልብስ ደብዘዝ ያለ ይሁን፤ ቡናማ ወይ የቅጠል ዓይነት። እጅጌውም ሱሪውም ረጅም ይሁን። ለጫካው ሳማና መዥገር አለ፣ ለረግረጉ የወባ ትንኝ አለ። ረግረጉን በባዶ እግር አትግቡበት፤ ጅማ አካባቢ ባሉ ውኃዎች ብልሃርዚያ ይገኛል። ቦት ጫማ ካላችሁ እሱን አድርጉ። መታወቂያ አይረሳ። ውኃ፣ ቆሎ ወይ ዳቦ፣ ትንሽ ደብተርና እርሳስ። በቃ።

ድሮን ይቅር። ያለ ፈቃድ ማብረር ክልክል ነው፤ ፈቃድ ቢኖርም ወፍ ለማየት ወፍ የሚያባርር ነገር ይዞ መሄድ ትርጉም የለውም።

4. ሰውየውን አግኙ

ዋናው ደረጃ ይሄ ነው። ብዙ ሰው የሚዘልለውም ይሄንኑ ነው።

ቦዬ ላይ ከብት የሚጠብቁ ልጆችና አባቶች አሉ። ጨፌ የሚያጭዱም አሉ፤ ቡና ሲፈላ ቤታችን የሚጎዘጎዘው ቄጤማ ከእንዲህ ያለ ረግረግ ነው የሚመጣው። እነዚህ ሰዎች ጉማሬው ትናንት ማታ በየት እንደወጣና የት ሲግጥ እንዳደረ ያውቃሉ፤ ባያውቁ ጉዳቱ የእነሱ ነውና። በበለጠ በኩል ደግሞ መንገድ ዳር ካሉት መንደሮች አንዱ ላይ ወርዳችሁ ጠይቁ። ደኑን ከመንግሥት ጋር ሆኖ የሚያስተዳድር የነዋሪዎች ማኅበር አለ። በኦሮምኛ "ዋልዳ ቡልቺንሳ ቦሶና" ይባላል፣ ባጭሩ "ዋቡብ" ይሉታል። አሠራሩ የተጀመረው በ1996 ዓ.ም. በጃፓን መንግሥት የልማት ተቋም በጃይካ ድጋፍ ነው። የማኅበሩ አባል የሆነ ገበሬ ከፊት ካለ ማንም "እናንተ እነማን ናችሁ?" ብሎ አያስቆማችሁም። ሰባት ስምንት ሆናችሁ የምትሄዱ ከሆነ ግን አስቀድማችሁ ቀበሌውን አሳውቁ።

አቀራረብ ይወስናል። መጀመሪያ ሰላምታ፤ ሰላምታው ደግሞ አይቸኩል። "አካም ቡልተኒ" ብላችሁ ብትጀምሩ ፊት ይፈታል፤ ለብዙው ሰው "አሰላሙ አለይኩም"ም ጥሩ መግቢያ ነው። ትልቅ ሰው ከሆነ "ኦቦ" ብላችሁ ስሙን ጥሩ፣ ሴት ከሆነች "አዴ"። ቀጥላችሁ የመጣችሁበትን በግልጽ ተናገሩ። "ጉሬዛ ለማየት ነው የመጣነው፣ ቡናውን አንነካም" የሚለው ዓረፍተ ነገር ብዙ በር ይከፍታል። ሰው ወይም ቤት ፎቶ ከማንሳት በፊት አስፈቅዱ።

ክፍያውን ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋገሩ። ከግማሽ ቀን የጉልበት ሥራ ዋጋ በታች አታቅርቡ፤ ሰውየው የሚውልበትን ሥራ ትቶ ነው የሚመጣው። ከጉዞው በኋላ ቡና ጠጡ ከተባላችሁ ደግሞ አትቸኩሉ። ስለ እንስሳቱ ደህና ደህናው ወሬ የሚወጣው እዚያ ላይ ነው።

5. ቦዬ፦ ጉማሬውና ባለ ዘውዱ ወፍ

መጀመሪያ አደጋውን እንጨርስ። ጉማሬ ሣር በል ነው፤ በአንድ ሌሊት 40 ኪሎ ገደማ ሣር ይግጣል። ይሄ ግን የዋህ አያደርገውም። ማታ ከውኃ ይወጣል፣ ሲግጥ ያድራል፣ ሊነጋ ሲል ይመለሳል። ሰው የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ በጉማሬውና በውኃው መሃል ሲገኝ ነው። ስለዚህ፦

ከመንጋቱ በፊት ወደ ውኃው ዳር አትውረዱ። ብርሃን በደንብ እስኪታይ ከፍ ያለ ደረቅ መሬት ላይ ቆዩ። ከውኃው ቢያንስ 50 ሜትር ራቁ፤ ከዚህ ቀረብ ማለት የሚቻለው እረኛው "እዚህ ድረስ ምንም የለም" ካለ ብቻ ነው።

የጉማሬን መንገድ መለየት ተማሩ። ደንገሉን ሰንጥቆ የሚሄድ ቦይ መሰል መንገድ ታያላችሁ። መሃሉ ላይ እንደ ትንሽ ድልድል ከፍ ያለ መሬት አለ፣ ግራና ቀኙ ግን የተረገጠ ጎድጓዳ ነው። ጉማሬ ሰፊ ስለሆነ የግራ እግሮቹ በአንዱ፣ የቀኝ እግሮቹ በሌላው መስመር ነው የሚሄዱት፤ መሃሉ አይረገጥም። በመንገዱ ዳር ቁጥቋጦ ላይ የተረጨ ፋንድያ ካለ የእሱ ነው፤ በጭራው እየበተነ ነው የሚጥለው። ፋንድያው እርጥብ ከሆነ ዛሬ አልፏል ማለት ነው። እዚያ መንገድ ላይ አትቁሙ፣ አትቀመጡ። ካሜራችሁንም እዚያ አትትከሉ።

አሁን ወደ ማየቱ። ተቀመጡ፤ ቁጭ ያለ ሰው ለእንስሳ ያንሳል። ውኃው ላይ ጉማሬ አትፈልጉ፣ አታገኙትም። ጆሮ ፈልጉ። ጉማሬ ዓይኑን፣ ጆሮውንና አፍንጫውን ብቻ ብቅ አድርጎ ይቆያል፤ ከሩቅ የተንሳፈፈ ጉድፍ ነው የሚመስለው። ድንገት ሁለት ጆሮዎች ውኃ እያራገፉ ሲሽከረከሩ ታያላችሁ። ቀጥሎ "ፑፍ" የሚል ትንፋሽ ይሰማል። ከጠለቀ አምስት ደቂቃ ያህል ሊቆይ ስለሚችል ዓይናችሁን ከቦታው አትንቀሉ። አፉን በረጅሙ ከከፈተ እንቅልፍ አይደለም፣ ማስፈራራት ነው። ወደ እናንተ ዞሮ ከሆነ የከፈተው ተነሱና ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ሂዱ።

ጉማሬው እምቢ ካለ ጨፌው ራሱ ይክሳችኋል። ሳቢሳዎቹ ከከብቱ እግር ሥር አይጠፉም። ከእነሱ ራቅ ብሎ ግን ረጅም እግር ያለው፣ ጥቁር አካል፣ ክንፉ ላይ ሰፊ ነጭ፣ ጉንጩ ነጭና ቀይ፣ አናቱ ላይ ወርቃማ የፀጉር ዘውድ ያለው ወፍ ካያችሁ መነጽሩን ቶሎ አንሱ። ጥቁሩ ባለ ዘውድ ሽመላ ነው። በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ "ለአደጋ የተጋለጠ" ተብሎ የተመዘገበ ወፍ ነው። የጅማ ዙሪያ ረግረጎች ደግሞ ከሚኖርባቸው ቦታዎች መካከል ናቸው። ሲመገብ ተመልከቱት፤ ሣሩን በእግሩ ረገጥ ረገጥ ያደርጋል፣ የተደበቀው ነፍሳት ሲዘል ቀለብ ያደርገዋል። ብዙ ጊዜ የሚታየው በጥንድ ነው። ሌሎቹ የዘመድ ወፎች ዛፍ ላይ አያርፉም፤ እሱ ግን የኋላ ጣቱ ረጅም ስለሆነ ቅርንጫፍ ጨብጦ ዛፍ ላይ ያድራል። ጎጆውን የሚሠራው ውኃ በተኛበት ሣር መሃል ነው። ክረምቱ እየወጣ ባለበት ጊዜ አንድ ጥንድ ከአንድ ቦታ አልንቀሳቀስ ካለ ወይ ክንፉን ዘርግቶ ወደ እናንተ ከመጣ ጎጆ አለው ማለት ነው። ዞር በሉ።

6. በለጠ፦ ጉሬዛውን በጆሮ መፈለግ

ከመናኸሪያ የመጀመሪያውን መኪና ብትይዙም ጫካው ውስጥ ለንጋት አትደርሱም። ኮንትራት መያዝ ወይ ሸቤ ማደር ይሻላል። ሁለቱም ካልተመቻችሁ ከሰዓት በኋላ ሂዱና 10 ሰዓት ተኩል ላይ ጀምሩ።

ሊነጋጋ ሲል ከጫካው አናት አንድ ድምፅ ይነሳል። ጎርናና፣ ተከታታይ፣ ሞተር ሳይነሳ ሲንተፋተፍ ዓይነት። ወንዱ ጉሬዛ ነው፤ "ይህ ሰፈር የእኔ ነው" ማለቱ ነው። ወዲያው ከሌላ ሸለቆ ሌላው ይመልስለታል። አቅጣጫውን ያዙና በመንገዱ ብቻ ቀስ ብላችሁ ሂዱ። ፀሐይዋ ከወጣች በኋላ ረጃጅሞቹ ዛፎች ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሆዳቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ታገኟቸዋላችሁ። ቅጠል በል ስለሆኑ ብዙውን ቀን የሚያሳልፉት ቁጭ ብለው ነው። ለተመልካች ይሄ ትልቅ ዕድል ነው፤ እንደ ጦጣ አይቅበጠበጡም።

መጀመሪያ የሚታየው ጭራው ነው። ከቅጠሉ መሃል ወደ ታች የተንጠለጠለ ነጭ ጎፈር ፈልጉ። ከዚያ ቁጠሩ፤ አንድ መንጋ ብዙውን ጊዜ አንድ ትልቅ ወንድ፣ ጥቂት ሴቶችና ልጆች ነው። መሃላቸው ድፍን ነጭ የሆነ ካለ አዲስ የተወለደ ነው፤ ጥቁሩ የሚመጣው በወራት ውስጥ ነው። በመነጽር ተረጋግታችሁ ካያችሁት ሕፃኑ ከእናቱ ክንድ ወደ ሌላዋ ሴት ሲተላለፍ ታያላችሁ። ተቀባይዋ ታገላብጠዋለች፣ ታሸተዋለች። እሱ ሲያለቅስ እናቲቱ መጥታ ትወስደዋለች።

ከጉሬዛው ጋር ሌላም አለ። ዕድል ካላችሁ ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ውጪ በዓለም ላይ የሌለውን ቡቱርሊኒ የተባለ ጠቆር ያለ የጦጣ ዝርያ ልታገኙ ትችላላችሁ። ቅርንጫፍ ላይ እንደ ሽኮኮ የሚሮጥ አረንጓዴ ወፍ ሲበር ክንፉ ውስጥ ድንገት ቀይ ካበራ ነጭ ጉንጩ ቱራኮ ነው። ከላያችሁ "ውሽ፣ ውሽ" የሚል የክንፍ ድምፅ ካለፈ ደግሞ ምንቃሩ ላይ ሌላ ምንቃር የተደረበበት የሚመስለው ትልቁ ጥቁርና ነጭ ወፍ ነው፤ ሳታዩት ትሰሙታላችሁ። ፍሬ የያዘ ሾላ ወይ ዋርካ ካገኛችሁ ሌላ ቦታ መዞር አያስፈልግም። ሥሩ ተቀመጡ፣ እነሱ ይመጣሉ።

ድኩላ፣ የጫካ አሳማ፣ ነብርም በደኑ ውስጥ አሉ። ነብር ግን አይጠበቅም፤ ኮቴውን ካያችሁ ይብቃችሁ።

አንድ ነገር አደራ፦ ለጦጣም ለዝንጀሮም ምግብ አትስጡ። እናንተ ሙዝ ወርውራችሁ ፎቶ አንስታችሁ ትሄዳላችሁ። ከሰው እጅ መብላት የለመደው ጦጣ ግን በማግስቱ የገበሬው በቆሎ ውስጥ ነው። ገበሬው ማማ ላይ ሆኖ በወንጭፍ ሲጠብቅ የሚውለው እኮ ያለ ምክንያት አይደለም። እናንተን የመራችሁ ሰውዬ ማሳ ሊሆንም ይችላል።

7. የምትጽፉት

ደብተሩ ላይ አራት ነገር ይበቃል፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ስንት። "ቦዬ፣ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ባለ ዘውድ ሽመላ፣ 2 ትልልቅ" ዓይነት። ስሙን ካላወቃችሁት መልኩን ጻፉ። ኢበርድ በሚባለው ድረ ገጽ ከመዘገባችሁት ደግሞ ወፍ የሚያጠኑ ሰዎች ይጠቀሙበታል።

8. ቦታው እንዲቆይ የምታደርጉት

ረግረጎቻችንን የሚበላቸው አንድ ነገር አይደለም። ለጡብ ሸክላ አፈር ይቆፈራል። ዳር ዳሩ ባሕር ዛፍ ይተከላል፤ ባሕር ዛፍ ደግሞ ውኃ ጠጪ ነው። ለእርሻ ይጠነፈፋል። የከተማው ቆሻሻም በጎርፍ ይገባበታል። ይሄን ጎብኚ ብቻውን አያስቆመውም። ግን የሚችለው አለ።

ፌስታልና ሃይላንድ ይዛችሁ ግቡ፣ ይዛችሁ ውጡ። ሌላ ሰው የጣለውንም ትንሽ ጨምሩ። የጫት ገረባም ቢሆን እዚያ አይጣል፤ ለበርጫ የሚሆን ሌላ ቦታ አይጠፋም። ደን ውስጥ እሳት አታንድዱ። ማር መግዛት ካማራችሁ ከዚያው ዛፍ ላይ ቀፎ ከሚሰቅለው ሰው ግዙ። የደን ቡናም እንዲሁ። ዋንዛው፣ ሰሳውና ብርብራው ከነጥላቸው የሚቆሙት ከሥራቸው ያለው ቡና ለባለቤቱ ገቢ ካስገኘ ነው። ጉሬዛው ደግሞ ያለ እነሱ መኖሪያ የለውም። የበለጠ ጌራ ገበሬዎች የደን ቡናቸውን፣ ደን ሳይጎዳ ለተመረተ ምርት ምስክር ወረቀት በሚሰጠው ሬይንፎረስት አሊያንስ በሚባል ድርጅት አስመስክረው መሸጥ የጀመሩት በዚሁ ሐሳብ ነው።

የጉሬዛ ቆዳ ወይ ማንኛውንም የዱር እንስሳ ውጤት "ለጌጥ ነው" ቢሏችሁም አትግዙ። ያለ ፈቃድ ማደንም ሆነ የእንስሳውን ውጤት ይዞ መገኘት በሕግ ያስጠይቃል። ወጥመድ ወይ አዲስ የተቆረጠ ትልቅ ዛፍ ካያችሁ ራሳችሁ ጭቅጭቅ ውስጥ አትግቡ። ቦታውን ያዙና መጀመሪያ ለመራችሁ ሰው ንገሩት፤ ለማኅበሩ ይነግር ወይ ለቀበሌው፣ መንገዱን እሱ ያውቃል።

ፎቶ ስትለጥፉ "ጅማ ዙሪያ" ብቻ በሉ። በተለይ የሽመላው ጎጆ ያለበትን ቦታ በካርታ አታጋሩ። ጎጆው መሬት ላይ ስለሆነ ቅዳሜ የለጠፋችሁትን አይተው እሁድ የሚመጡ ሰዎች ጫማ ሥር ነው የሚሆነው። የስልካችሁ ካሜራ ቦታውን በራሱ እንዳይመዘግብ የሎኬሽን ቅንብሩን ከመሄዳችሁ በፊት አጥፉት።